«ስንቱ ቻሉ?» የአንዲት ሰልጣኝ ዕቅድ፣ የእኔ ነጥብና አምስት ቆርኪ

ዕቅዱ አራት ገጽ ነበር። በማስመሪያ የተሰመረ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ፣ አርእስቶቹ በቀይ። ዓላማ፣ ይዘት፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ መርጃ መሣሪያ፣ ምዘና፣ ደቂቃ። ባዶ የቀረ ሳጥን የለም። ሳየው ደስ አለኝ። ክፍለ ጊዜው አልቆ ቢጫ ሹራብ የለበሰ አንድ ልጅ «እስቲ አምስት ቆርኪ ስጠኝ» ስለው ግን፣ እፍኝ ሙሉ አንስቶ መዳፌ ላይ ዘረገፈልኝ። ይህ ልጅ ከጥቂት ደቂቃ በፊት እስከ ሃያ ሲቆጥር በጆሮዬ የሰማሁት ልጅ ነው።

የምጽፈው ስለዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ ስለመጡት ስድስት ሳምንታት ነው። የማስተምረው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ውስጥ ነው፤ ቅድመ አንደኛ ደረጃ ላይ የሚያስተምሩ መምህራንን እናሰለጥናለን። ሰልጣኟን፣ ትምህርት ቤቱንም ሆነ ኮሌጁን በስም አልጠራም። እንዲያውም ጥፋቱ በአብዛኛው የእኔ ነው።

ክፍሉ

ሰልጣኟ ሦስተኛ ዓመት ላይ ናት። ለተግባር ልምምድ፣ እኛ በተለምዶ ፕራክቲከም የምንለው፣ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዜሮ ክፍል ተመደበች። ዜሮ ክፍል ማለት ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት እዚያው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ዓመት የሚቆዩበት ክፍል ነው። ነገሩ የቅርብ ጊዜ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን ቢያነሳም ሥራው በአብዛኛው ለግልና ለሃይማኖት ተቋማት የተተወ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ አወጡ። ዜሮ ክፍል በየትምህርት ቤቱ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ክፍል በአንድ ክረምት ይከፈታል፤ አስተማሪ ግን በአንድ ክረምት አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ቦታ ከላይኛው ክፍል አንዲት መምህርት ተነስታ «አንቺ ልጆች ትወጃለሽ» ተብላ ትመደባለች።

የዚህ ክፍል መምህርትም እንደዚያ ነው የገቡት። ለዓመታት ሦስተኛ ክፍል ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ጠንካራና ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ሰልጣኟ «እትዬ» ትላቸዋለች። ክፍሉ 64 ልጆች አሉት። ዴስኮቹ ከሌላ ክፍል የመጡ ስለሆኑ የብዙዎቹ ልጆች እግር መሬት አይነካም። ግድግዳው ላይ ማዳበሪያ ከረጢት ተዘርግቶ ፊደል በቀለም ተጽፎበታል። ከላይ የተሰቀለውን ረድፍ ለማየት እኔም ቀና ማለት ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ

ዓላማው እንዲህ ይላል፦ «በዚህ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ተማሪዎች ከ1 እስከ 20 ያሉትን ቁጥሮች በትክክል ይቆጥራሉ።» ምዘና በሚለው ሳጥን ውስጥ ደግሞ «በቃል ጥያቄ መጠየቅ» ተብሏል።

ሰልጣኟ በደንብ ጀመረች። ድምጿ ይሰማል፤ ፊቷ ፈገግታ አለው። «አንድ በሉ!» «አንድ!» «ሁለት በሉ!» «ሁለት!» ክፍሉ በአንድ ድምፅ ያስተጋባል። ከዚያ ወንዶች ብቻ፣ ሴቶች ብቻ፣ በመስኮት በኩል ያሉት፣ በበር በኩል ያሉት። ቀጥላ አምስት ልጆችን እያስነሳች ለየብቻ አስቆጠረች። አምስቱም እስከ ሃያ ደረሱ። «አጨብጭቡለት!» ሞቅ ያለ ጭብጨባ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ደብተራቸውን አውጥተው ከ1 እስከ 20 ከሰሌዳው ገለበጡ። አንዷ ልጅ 4ን ሁሌም ወደ ኋላ እያዞረች ጻፈች። አንዱ ተኛ። ከኋላ ሁለት ልጆች በአንድ እርሳስ ተጣልተው ታረቁ። እኔ ቅጼን ይዤ ከጥግ ተቀምጬ እሞላለሁ።

88 ሰጠኋት። በኮሌጃችን ይህ ጥሩ ነጥብ ነው።

ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ከእሷ ጋር ተቀመጥን። ልማድ ሆኖብኝ «እንዴት ነበር?» ብዬ ጀመርኩ። «ጥሩ ነበር መምህር፣ ዓላማውን አሳክቻለሁ» አለች። «ስንቱ ቻሉ?» አልኳት። «ሁሉም።» «በምን አወቅሽ?» ትንሽ ዝም አለች። «ሲቆጥሩ ሰምቻለሁ እኮ።»

እውነቷን ነው፤ እኔም ሰምቻለሁ። ግን የሰማነው አንድ ትልቅ ድምፅ ነው። በ64 ልጆች ድምፅ ውስጥ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ልጅ አይታወቅም። እስከ ሃያ በቃል መውረድም በአማርኛ ከሚመስለው ይቀላል። አንድ ልጅ አስርን ካለፈ በኋላ «አስራ» የምትለውን ይዞ ያንኑ ዜማ ከአንድ ጀምሮ ይደግመዋል። አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት፣ አስራ ሦስት። ሃያን ብቻ ለብቻዋ መያዝ ይበቃዋል። ይህ ግጥም እንደማጥናት ነው። ግጥም ማጥናት ደግሞ ልጆች የሚችሉበት ነገር ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ ለሌላ ሰልጣኝ የያዝኩት አንድ ፌስታል ቆርኪ ነበር። ከእረፍት ቀድመው የተመለሱ ሰባት ልጆችን አንድ በአንድ ጠራን። መጀመሪያ «ቁጠር» እንላለን። ከዚያ ስምንት ቆርኪ ደርድረን «እነዚህን ቁጠር» እንላለን። በመጨረሻ «አምስት ስጠኝ» እንላለን። ሥራው ይኸው ነው። ለአንድ ልጅ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

በቃል ከሰባቱ ስድስቱ ሃያ ደረሱ። «አምስት ስጠኝ» ሲባሉ በትክክል የሰጡት ሁለት ናቸው። ቢጫ ሹራብ የለበሰው ልጅ እፍኙን ዘረገፈ። አንዷ ልጅ ስምንቱን ቆርኪ በጣቷ እየነካች አንድም ሳትስት ቆጠረች። «ጎበዝ! ስለዚህ ስንት ናቸው?» አልናት። እንደገና ከአንድ ጀመረች። ሦስት ጊዜ ጠየቅናት፤ ሦስት ጊዜ ቆጠረች። ለእሷ «ስንት ናቸው?» ማለት «ቁጠሪ» ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የጠራችው ቁጥር የሁሉም ብዛት እንደሆነ ገና አልገባትም።

የቁጥር ስሞችን በቅደም ተከተል ማወቅ አንድ ነገር ነው። ለአንድ ዕቃ አንድ ቁጥር፣ ሳይዘሉና ሳይደግሙ መስጠት ሌላ ነገር ነው። የመጨረሻው ቁጥር የጠቅላላው ብዛት መሆኑን መረዳት ደግሞ ሦስተኛ። ልጆች ሦስቱን በአንድ ቀን አያገኟቸውም፤ በመሃላቸው ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ይህን ኮሌጅ ውስጥ አስተምረናል። ሰልጣኟም በፈተና ጠይቀናት በትክክል መልሳለች። ዕቅዷ ውስጥ ግን «ይቆጥራሉ» ከሚል ግስ በስተቀር የለም።

ሰልጣኟ ቆርኪዎቹን እየሰበሰበች «ታዲያ 88 ለምን ሰጡኝ?» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ግራ ገብቷት ነው። መልስ አልነበረኝም።

ቅጹ

ማታ ቤት ገብቼ የግምገማ ቅጹን እንደገና አነበብኩት። 20 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ከአምስት ይታረማል። ዓላማው የሚለካ ግስ አለው ወይ? ደቂቃው ተከፋፍሏል ወይ? መርጃ መሣሪያ ቀርቧል ወይ? ድምጿ ይሰማል ወይ? የሰሌዳ አጠቃቀሟ? አለባበሷ? ስለ ምዘና አንድ መስመር አለ፦ «የተለያዩ የምዘና ዘዴዎችን ተጠቅማለች።» ልጆቹ ምን ያውቃሉ፣ ከትናንት ምን ተለወጠ፣ መምህሯ ያንን በምን አወቀች የሚል ግን አንድም ቦታ የለም።

እኛ ሰልጣኟን የምንመዝነው፣ እሷ ልጆቹን እንደምትመዝነው ሆኖ ተገኘ። እሷ ድምፅ ሰምታ «ቻሉ» አለች፤ እኔ ወረቀት አይቼ «ቻለች» አልኩ። ዕቅዱ አራት ገጽ የሆነው ለልጆቹ ሲባል አይደለም፤ ለእኔ ነው። ሰልጣኝ ሞኝ አይደለችም። ነጥብ የሚያመጣላትን ትሠራለች።

የድሮው የቄስ ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። ብዙ ጊዜ «በቃል ማነብነብ» እያልን የምንወቅሰው ነው፤ ወቀሳው መሠረት አለው። ግን አንድ ነገር ያውቁበት ነበር። ልጁ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ለብቻው ይቆጥራል። የኔታ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ አጠገቡ ሆኖ ይሰማዋል። ፊደል ሳይለይ ወደ አቡጊዳ፣ አቡጊዳ ሳይለይ ወደ ንባብ አይሻገርም። ጓደኛው ዳዊት ቢደግምም እሱ እዚያው ይቆያል። የእያንዳንዱ ልጅ ቦታ ይታወቃል። እኛ ዘመናዊ ዕቅድ ይዘን ያጣነው ይህንኑ ነው።

እንደገና

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ከሰልጣኟ ጋር ተነጋግረን ለቀሪው ጊዜ ሦስት ነገር ለወጥን። ኮሌጁን አላስፈቀድኩም። ያኔ ብጠይቅ ኮሚቴ ይቋቋም ነበር።

አንደኛ፣ ዕቅዱ አንድ ገጽ ሆነ፤ አጻጻፉም ከታች ወደ ላይ። መጀመሪያ የምትጽፈው «ልጁ ከቻለ ምን ሲያደርግ አያለሁ? ምን ሲል እሰማለሁ?» የሚለውን ነው። ያ ካልተጻፈ እንቅስቃሴ አይታሰብም። «ይቆጥራሉ» ቀረ። በምትኩ «እስከ አምስት ዕቃ ስጠኝ ተብሎ ሲጠየቅ ቆጥሮ ይሰጣል፣ ሲጨርስም ያቆማል» ሆነ። «ያቆማል» የምትለዋ የእሷ ናት። እፍኝ የዘረገፈው ልጅ የጎደለው ማቆም እንደሆነ ገብቷታል።

ሁለተኛ፣ በቀን አምስት ልጅ ብቻ። ሁሉንም ታስተምራለች፤ በቅርብ የምታያቸው ግን አምስት ናቸው። ስማቸው ጠዋት ዕቅዱ ላይ ይጻፋል። ለ64 ልጆች ሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ ይፈጃል። አዝጋሚ ነው። ግን ሁሉንም በአንዴ አያለሁ ብሎ ማንንም ካለማየት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ደብተር። ተራ ደብተር፣ ለአንድ ልጅ አንድ ቅጠል።

በጣም ያስቸገረን ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ማስታወሻዎች እንዲህ ነበሩ፦ «ጎበዝ ናት።» «ደካማ ነው፣ ክትትል ያስፈልገዋል።» «አይናገርም።» «ረባሽ።» እነዚህ ፍርድ ናቸው። ነገ ምን እንደምታስተምር ከእነዚህ ምንም አታገኝም። «ካሜራ ብትሆኚ ምን ይቀረጽ ነበር?» አልኳት። ካሜራ «ደካማ» የሚል ነገር አይቀርጽም። ቀስ በቀስ ተለወጠ። «አይናገርም» የተባለው ልጅ ገጽ ላይ በሦስተኛው ሳምንት እንዲህ ተጽፎ አየሁ፦ «ዛሬ ውጭ ከሦስት ልጆች ጋር ኩኩሉ ሲጫወት ጮክ ብሎ ‹አልነጋም› አለ። ክፍል ውስጥ ስጠይቀው ዝም። በጆሮው ስጠይቀው በጣቱ አሳየኝ፣ ትክክል ነው።» ይህን ያነበበ ሰው ነገ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ልጁ ይናገራል፤ የሚከብደው 63 ሰው ፊት ተነስቶ መናገር ነው።

እንቅስቃሴው ሱቅ ሆነ። ባዶ የክብሪት ቤት፣ የሻይ ቅጠል ፓኮ፣ የሳሙና ወረቀት፣ ለብር ደግሞ ቆርኪ። ከበሩ አጠገብ ሁለት ዴስክ ተገጥሞ ባለሱቅ፣ ገዢ፣ ተራ ጠባቂ ሆኑ። የቀሩት በቡድን ጠጠር፣ ጭቃና ፊደል የተጻፈባቸው ካርቶኖች ይዘው ይቀመጣሉ። በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል። በመጀመሪያው ቀን ግን ሁሉም ሱቅ መጫወት ፈለጉ። ዴስኩ ተገፋ፣ ሳሙናው ተቀደደ፣ ጩኸቱ ርዕሰ መምህሩን ከቢሮው አወጣው። ሰልጣኟ እንባዋ መጣ። በማግስቱ ተራ የሚሰጥ ካርቶን አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠል አዘጋጀች። ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው «ያንተ ተራ አይደለም!» እያሉ ሥርዓቱን ያዙት። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም የዕቅድ ሳጥን ውስጥ አስቀድመህ አትጽፈውም።

እትዬ

የክፍሉ መምህርት ነገሩ አልተዋጠላቸውም። «መምህር፣ ይሄ ጨዋታ ነው። ትምህርቱ የታለ?» አሉኝ። የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ወላጆች ከሰዓት ልጃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ መጀመሪያ የሚገልጡት ደብተር ነው። ደብተሩ ላይ ቀይ እርማት ከሌለ «ዛሬ ምን ሠራችሁ?» ይላሉ። አንዲት እናት በር ላይ ቆመው ለሰልጣኟ «የእኔ እመቤት፣ የጎረቤት ልጅ ግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይጽፋል፤ የእኔ ልጅ ቆርኪ ይቆጥራል» አሏት። እኔም ብሆን ይህን እል ነበር።

ሰልጣኟ አልተከራከረችም። እናቲቱን ወደ ውስጥ አስገብታ ከልጃቸው ፊት አስቀመጠቻቸው። ልጅቷ መጀመሪያ ቀን ስምንቱን ቆርኪ ሦስት ጊዜ የቆጠረችው ናት። ሰልጣኟ «እማማን ሦስት ሳሙና ሽጪላቸው» አለቻት። ልጅቷ ሦስት አንስታ ሰጠች። እናት በቀልድ «አራት አይደለም እንዴ?» አሉ። «አይ፣ ሦስት ነው» ብላ እጇን በወገቧ ያዘች። እናቲቱ ሳቁ። በማግስቱ ከቤት ባዶ የዘይት ጠርሙስ ክዳኖች ቋጥረው ላኩ።

እትዬን ያሸነፋቸው ግን ጨዋታው አይደለም፤ ደብተሩ ነው። አንድ ቀን ሰልጣኟ ስትቀር ደብተሩን ገልጠው ቁጭ ብለው አነበቡት። «ይሄን ልጅ ስድስት ወር አስተምሬዋለሁ፤ በጆሮው ሲጠይቁት እንደሚመልስ አላውቅም ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ እሳቸውም በእርሳስ ይጨምሩበታል። ጽሑፋቸው ትልልቅና ቀጥ ያለ ነው።

ያልተፈታው

ነገሩን ከሆነው በላይ ማሳመር አልፈልግም። በስድስት ሳምንት ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ሁለቴ ብቻ በቅርብ ታየ። ስምንት የሚሆኑት ብዙ ቀን ስለቀሩ አንዴ ብቻ። ፊደል ላይ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራንም፤ ጊዜ አልበቃም። ሰልጣኟ የሄደች ዕለት ሱቁ ፈረሰ። ዴስኮቹ ተፈልገው ነበር። 64 ልጅን ለአንዲት መምህርት ሰጥቶ ስለ ክትትል ማውራት በራሱ ትንሽ ያሳፍራል።

ኮሌጁ ውስጥም ቀላል አልነበረም። ሰልጣኟ አንድ ገጽ ዕቅድ ይዛ ስትቀርብ ሌላው ገምጋሚ ባልደረባዬ «ያልተሟላ» ብሎ ቀነሰባት። አልፈርድበትም፤ ቅጹ የሚለው እንደዚያ ነው። በትምህርት ክፍላችን ስብሰባ ላይ ደብተሯን ፎቶ ኮፒ አድርጌ አቀረብኩ። ሁለት ሰዓት ተከራከርን። አንዱ «ወረቀቱን ካላላን ሰልጣኞች ሳይዘጋጁ ይገባሉ» አለ። ይህ ስጋት ባዶ አይደለም፤ ባዶ እጃቸውን ገብተው የሚያለባብሱ ሰልጣኞችን አውቃለሁ። በመጨረሻ ከ20ዎቹ ነጥቦች ሦስቱ ተለወጡ። አለባበስ ወጣ። «ሰልጣኟ ቢያንስ ስለ አምስት ልጆች ምን እንደሚችሉ በማስረጃ ታስረዳለች» የሚል ገባ። «የዛሬው ዕቅድ ከትናንቱ ማስታወሻ ጋር ይያያዛል» የሚልም ገባ። የሰሌዳ አጠቃቀም ግን ከእነ አምስት ነጥቧ አለች። አንድ ቀን እሷንም እናያታለን።

በ2015ቱ ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ ደረጃ ሁለት ዓመት ሆኗል። ስለዚህ ብዙ መምህራን ያስፈልጋሉ፤ ብዙ ሰልጣኞችም ዕቅድ ይዘው ይመጡብኛል። አሁን ዕቅዱን ከማየቴ በፊት «ዛሬ የትኞቹን ልጆች ነው የምታዪው?» ብዬ ነው የምጀምረው። ስም ካልጠራችልኝ አብረን ወደ ደብተሩ እንመለሳለን።

የመጨረሻው ጉብኝቴ ዕለት ባለሱቁ ቢጫ ሹራቡ ልጅ ነበር። ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀዷል። ተራዬን ጠብቄ አምስት ቆርኪ ከፈልኩና «አምስት ክብሪት» አልኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ዴስኩ ላይ ደረደረ። አቆመ። ከዴስኩ ሥር ጎንበስ ብሎ ፈለገ። ክብሪት ቤቱ አልቋል። አንዷን ቆርኪ መለሰልኝና «አንዱ ነገ ይመጣል፣ ቲቸር» አለኝ።

ሰልጣኟ ከጀርባዬ ቆማ እየጻፈች ነበር። ዞር ብዬ አየሁት፦ «4 ሰጠ። 1 እንደጎደለ አውቋል። መልስ መለሰ።»